ከሐይቁ ነው ወይስ ከእጄ? የአልጌ ቀለሞችን ስለካ የደረሰብኝ

ይህን የምጽፈው የውሃ ጠርሙስ ወይም የደለል ናሙና ይዞ፣ የአልጌን አረንጓዴ ቀለም፣ ክሎሮፊልን፣ ሊለካ ቤተ ሙከራ ለሚገባ ሰው ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀን ስገባ መመሪያው በእጄ ነበር። መመሪያው አልተሳሳተም። «በጨለማ ይቀመጥ»፣ «በደንብ ይታጠብ» ይላል። ባይቀመጥና ባይታጠብ ስህተቱ ውጤቱ ላይ ምን መልክ ይዞ እንደሚመጣ ግን አይናገርም። እኔ ያንን ያወቅኩት የሰባት ወር ናሙናዬን ግማሽ ካጣሁ በኋላ ነው። እናንተ ላይ እንዳይደርስ ከመጀመሪያው ጀምሬ ልንገራችሁ።

ሥራው ይህ ነበር። ከአንድ ሐይቅ በየወሩ ውሃ ይቀዳል። ከዚሁ ሐይቅ ወለል ደግሞ በቱቦ የወጣ 40 ሴንቲ ሜትር የደለል ዓምድ አለ። በሁለቱም ውስጥ ያለውን ክሎሮፊል ኤ እና ፊዮፊቲን መለካት የእኔ ድርሻ ነው። ክሎሮፊል ኤ አልጌ ሁሉ ውስጥ አለ። ስለዚህ መጠኑ ውሃው ምን ያህል አልጌ እንደተሸከመ ይጠቁማል። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በ1982 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምደባ፣ ዓመታዊ አማካዩ በሊትር ከ2.5 ማይክሮ ግራም በታች የሆነ ሐይቅ ንጥረ ምግብ ያነሰው ነው። ከ8 እስከ 25 ያለው ንጥረ ምግብ የበዛበት ይባላል። ከ25 ያለፈው ደግሞ ከልክ በላይ የበዛበት ነው። የእጃችሁ ስህተት አንድን ሐይቅ ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው ሊያሻግረው ይችላል።

ፊዮፊቲን ክሎሮፊል መሃሉ ላይ ያለውን ማግኒዚየም ሲያጣ የሚሆነው ነገር ነው። አልጌው ሲሞት፣ ሲበላ፣ ሲበሰብስ በተፈጥሮ ይፈጠራል። አሲድ ሲነካውም እዚያው ዓይናችሁ ፊት ይፈጠራል። ብርሃንና ሙቀትም ክሎሮፊልን ያፈርሱታል። ችግሩ መሣሪያው ይህን አይለይም። ክሎሮፊሉ ሐይቁ ውስጥ ሞቶ ይሁን ጠረጴዛችሁ ላይ፣ የሚሰጣችሁ ቁጥር አንድ ነው። ሙሉ ታሪኬ ያለው እዚህች ነጥብ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስህተቴ ገና ውሃው ጠርሙስ ውስጥ እያለ ጀመረ። ከአንድ ቦታ ሁለት ጠርሙስ ቀድቼ አንዱን በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ አስገባሁ። ሁለተኛው ሳጥኑ ስለሞላ መስኮት አጠገብ ከሰዓት በኋላውን ቆየ። አንድ ውሃ ናቸው ብዬ ነበር። ስለካቸው የመስኮቱ በጣም አነሰ። ያን ቀን ጥፋቱን በመሣሪያው አሳበብኩ። አሁን ጠርሙሶቼ ጥቁር ወይም በፎይል የተጠቀለሉ ናቸው። በዚያው ቀን አጣራለሁ። መብራቱንም አደበዝዛለሁ። መስኮቱን መጋረጃ መጋረድ ብቻውን ብዙ ለውጥ ያመጣል።

ማጣራቱ ላይ ደግሞ ትዕግስት አነሰኝ። ውሃው አረንጓዴና ወፍራም ነበር። የብርጭቆ ክር ማጣሪያው ቶሎ ተደፈነ። እኔም ፓምፑን ከፍ አደረግኩት። ፓምፑ ውሃውን በኃይል ሲስብ ስስ ሴሎችን ያፈነዳቸዋል። ውስጣቸው ያለው ከውሃው ጋር ማጣሪያውን አልፎ ይሄዳል። የፓምፑ ስበት ከ20 ኪሎ ፓስካል አይለፍ። ማጣራቱም ከ10 ደቂቃ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ካልጨረሰ ውሃውን ቀንሱ እንጂ ፓምፑን አትጨምሩ። መጨረሻ ላይ ጥቂት የማግኒዚየም ካርቦኔት ብጥብጥ ጠብ ማድረግ ከአሲድ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ሳልጠቅሳት የማላልፋት ነገር አለች። ያቀድኩት 500 ሚሊ ሊትር ነበር፤ ማጣሪያው የተቀበለው 350 ነው። ደብተሬ ላይ ግን ከጠዋቱ ጀምሮ «500» ተብሎ ተጽፏል። ስሌቱ በ500 ስለተሠራ ውጤቱ ከእውነቱ 70 በመቶ ብቻ ሆኖ ወጣ። ያለፈውን ውሃ እንጂ ያሰባችሁትን አትጻፉ። የምትጽፉትም ካጣራችሁ በኋላ ይሁን።

ከዚያ ማጣሪያውን አረንጓዴውን ወደ ውስጥ አድርጋችሁ እጠፉት። ውሃውን በሚመጥ ወረቀት ጫን ጫን አድርጉና በፎይል ጠቅልላችሁ ፍሪዘር አስገቡት። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል። ከዚያ በላይ የምታቆዩ ከሆነ ከዜሮ በታች 80 የሚያቀዘቅዝ ፈልጉ።

ቀለሙን የማወጣው በ90 በመቶ አሴቶን ነው። ማጣሪያውን በትንሽ የብርጭቆ ሙቀጫና ዘነዘና እፈጨዋለሁ። ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ፣ 4 ዲግሪ ላይ፣ በጨለማ ከ2 እስከ 24 ሰዓት ይዘፈዘፋል። ፍሪጁ ለተቀጣጣይ ፈሳሽ የተሠራ ይሁን፤ ተራ ፍሪጅ ውስጥ የአሴቶን እንፋሎት እሳት ሊያስነሳ ይችላል። አሴቶን ስትቀዱም እንፋሎቱን ስቦ በሚያስወጣው ፊዩም ሁድ ሥር ይሁን። ናይትሪል ጓንትም ብዙ አያስጥልም፤ ከፈሰሰበት ወዲያው ቀይሩት።

አንድ ቀን አሥራ ሁለት ቲዩብ በማርከር ቁጥር ጽፌባቸው ደረደርኩ። አሴቶን ስሞላ ከፒፔቱ ጫፍ አንዲት ጠብታ በሦስተኛው ቲዩብ ጎን ወረደች። ሰማያዊ መስመር ይዛ ነው የወረደችው። ቁጥር 3 የነበረው ጭረት ብቻ ሆነ። ደንግጬ በጓንቴ ስጠርገው ጓንቱ ራሱ እርጥብ ነበርና አጠገቡ ያሉትም ተጠረጉ። ስድስት ቲዩብ የማን እንደሆኑ ሳይታወቅ ቀሩ። ሁሉም ሲታዩ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ናቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ በእርሳስ የምጽፍበት ወረቀት ቴፕ እለጥፋለሁ፣ ክዳኑ ላይም ቁጥሩን እጭራለሁ። የሚደረደሩበትንም ቅደም ተከተል ደብተር ላይ እሥላለሁ። «ማይለቅ ቀለም» የሚል ማርከር አሴቶን ፊት ይለቃል።

ከዚያ ቲዩቡን በፍጥነት አሽከርክሮ ድፍርሱን በሚያዘቅጠው ሴንትሪፊውጅ እናጠራዋለን። አሴቶኑ ቀለሙን ይዞ የሚወጣው ፈሳሽ፣ ኤክስትራክት የምንለው፣ ፈሳሹ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ ወደሚለካው መሣሪያ፣ ወደ ስፔክትሮፎቶሜትር፣ ይሄዳል። በ750 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ላይ መጀመሪያ ይነበባል። እዚያ ክሎሮፊል ብርሃን አይውጥም። ስለዚህ የሚታየው ንባብ የድፍርስ ነው፤ ከሌሎቹ ንባቦች ይቀነሳል። የእኔ የ750 ንባብ በእያንዳንዱ ደቂቃ እየጨመረ ሄደ። ድጋሚ ሴንትሪፊውጅ አደረግኩት፤ ያው ነው። ኤክስትራክቱ የሚነበብበትን ትንሽ ዕቃ፣ ኩቬቱን፣ አውጥቼ ወደ መብራት ሳየው ግድግዳው እንደ ጉም ሸፍኖታል። ሊጣል የተሠራ የፖሊስታይሪን ኩቬት ነበር። አሴቶን ፖሊስታይሪንን ያሟሟል። ስለካ የነበረው የኩቬቱን መሟሟት ነው። ብርጭቆ ወይም ኳርትዝ ተጠቀሙ። ቲዩቡም ብርጭቆ ወይም ፖሊፕሮፒሊን ይሁን።

መሣሪያውንም ጠይቁት። የሚያሳልፈው የብርሃን ስፋት 2 ናኖሜትር ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይገባል። 20 ናኖሜትር የሚያሳልፍ መሣሪያ ክሎሮፊል ኤን እስከ 40 በመቶ አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል። ክሎሮፊል ብርሃን በብዛት የሚውጥበት ጫፍ ቀጭን ስለሆነ ሰፊ ብርሃን ጎን ለጎኑን አብሮ ያነባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ክሎሮፊልን ከፊዮፊቲን የምንለየው በአሲድ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. ሎረንዜን የተባለ ተመራማሪ ያወጣው ቀመር ነው። መጀመሪያ በ664 ናኖሜትር ይነበባል። ከዚያ 3 ሚሊ ሊትር ኤክስትራክት ላይ 0.1 ሚሊ ሊትር የ0.1 ኖርማል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይጨመራል። 90 ሴኮንድ ተጠብቆ በ665 ይነበባል። አሲዱ ያለውን ክሎሮፊል ሁሉ ፊዮፊቲን ያደርገዋል፤ ንባቡም ይወርዳል። ንጹሕ ክሎሮፊል ከሆነ የፊተኛው ንባብ ለኋለኛው ሲካፈል 1.7 ይሆናል። ቀድሞውንም ሁሉም ፊዮፊቲን ከሆነ ምንም አይወርድም፣ ምጥጥኑ 1.0 ነው።

በቁጥር ላሳያችሁ። 500 ሚሊ ሊትር አጣርታችሁ በ10 ሚሊ ሊትር አሴቶን አወጣችሁ፣ ኩቬቱም 1 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። የ750ው ከተቀነሰ በኋላ ከአሲድ በፊት 0.170፣ ከአሲድ በኋላ 0.100 አነበባችሁ። ልዩነቱ 0.070 ነው። በቀመሩ ማባዣ በ26.7 ይባዛል፣ በአሴቶኑ መጠን በ10 ይባዛል፣ ለ0.5 ሊትር ይካፈላል። ክሎሮፊሉ በሊትር 37.4 ማይክሮ ግራም ነው፣ ፊዮፊቲኑ ዜሮ። አሁን ያው ናሙና ሳይለካ በፊት ትንሽ አሲድ ነክቶት የፊተኛው ንባብ 0.150 ሆነ እንበል። የኋለኛው 0.100 እንደሆነ ይቀራል። ክሎሮፊሉ 26.7 ይሆናል። ፊዮፊቲኑ ደግሞ 10.7። ደምሩት፤ 37.4 ነው። ምንም የጠፋ ነገር የለም። ግን ሐይቁ ከ3 እጅ አንድ እጅ ገደማ የሞተ አልጌ ያለበት መስሎ ተጻፈ።

እኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ፍሪዘር ውስጥ ያጠራቀምኳቸውን ማጣሪያዎች በሁለት ቀን አወጣኋቸው። አንድ ኩቬት ነበረኝ። አነባለሁ፣ አሲድ በጠብታ መጣያ ጠብ አደርጋለሁ፣ አነባለሁ፣ ደፍቼ አንዴ በአሴቶን አለቀልቃለሁ፣ ቀጣዩን እሞላለሁ። የመጀመሪያው ናሙና ምጥጥን 1.64 ነበር። ሁለተኛው 1.41። ሦስተኛው 1.23። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁሉ ከ1.1 እስከ 1.2 ባለው ውስጥ ናቸው።

በጣም የሚያሳዝነኝ ስህተቱ አይደለም። ለስህተቱ ማብራሪያ ማግኘቴ ነው። ነፋስ ወለሉን አማስሎ አሮጌ ፊዮፊቲን ወደ ላይ አምጥቷል ብዬ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። አሳማኝ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በእርግጥም ይደርሳል። ስለዚህ ማንም አንብቦ አልተቃወመም።

የተቃወሙት የቤተ ሙከራው አንጋፋ ቴክኒሻን ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው። ጽሑፉን አላነበቡትም። የደብተሬን ገጽ አዩና ጣታቸውን በአምዱ ላይ ወደ ታች አወረዱ።

«ቁጥሩ የሚወርደው በወሩ ቅደም ተከተል ነው ወይስ በለካሽበት?»

ናሙናዎቹን የለካሁት በወር ቅደም ተከተል አልነበረም። እጄ ላይ እንደገቡ ነው የለካኋቸው። ምጥጥኑ ግን የወረደው በለካሁበት ቅደም ተከተል ነው። ሐይቁ እኔ ቲዩብ ያነሳሁበትን ተራ ሊያውቅ አይችልም።

«የመጀመሪያውን ናሙና መጨረሻ ላይ ደግመሽ ለካሽው?» አሉኝ።

«አልለካሁም ጋሼ።»

«በይ አምጪው።»

ከመጀመሪያው ናሙና በጨለማ የቀረ ኤክስትራክት ነበረኝ። በእኔ ኩቬት 1.19 ሰጠ። እሳቸው አሲድ ነክቶት የማያውቅ ኩቬት ከመሳቢያቸው አወጡ። ከዚያው ቲዩብ ሞላሁበት። 1.63።

ኩቬቱ ግድግዳ ላይ የቀረች አሲድ፣ ዓይን የማያያት፣ ቀጣዩን ናሙና ገና የፊተኛው ንባብ ሳይነበብ ስታፈርሰው ነበር። አሲዱንም ሳልለካ በብዛት ስለጨመርኩ የሚቀረውም በዛ። አብዛኛው ኤክስትራክት አልቋል። የሰባት ወሩ ሥራ ግማሽ በዚያች ቅጽበት ሄደ።

ከዚያ ወዲህ የማደርገውን ልንገራችሁ። ሁለት ኩቬት አለኝ፤ ለአሲድ ያለውና አሲድ የማይነካው። አሲዱን በማይክሮ ፒፔት እለካለሁ፤ 90 ሴኮንዱንም በሰዓት እቆጥራለሁ። በእያንዳንዱ ናሙና መሃል ኩቬቱን ሦስት አራት ጊዜ በ90 በመቶ አሴቶን አጥባለሁ። ናሙናዎቹን ከመለካቴ በፊት ተራቸውን አዟዙራለሁ። ቁጥሩ በተራው ከወረደ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ወዲያው እንዲታየኝ ነው። በየአሥሩ ናሙና መሃል ደግሞ መጠኑ የታወቀ ክሎሮፊል ኤ፣ ስታንዳርድ የምንለውን፣ እለካለሁ። እሱ 1.7 ካልሰጠ አቆማለሁ። ምንም ውሃ ያላለፈበት ማጣሪያም አብሬ አወጣለሁ። ከሁሉ በላይ የማጣሪያውን ግልባጭ፣ ሁለተኛ ቅጂ፣ ፍሪዘር ውስጥ አስቀራለሁ። አንዱን ብታበላሹ የምትመለሱበት አላችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አትዘንጉ። 26.7 የሚባለው ቁጥር የ90 በመቶ አሴቶን ነው። በኢታኖል ካወጣችሁ የኢታኖሉን ቀመር ከነማባዣው ውሰዱ።

ደለሉ ደግሞ የራሱ ጣጣ ነበረው። እርጥቡን ደለል 5 ግራም መዝኜ 10 ሚሊ ሊትር 90 በመቶ አሴቶን ጨመርኩበት። የላይኛው ደለል ግን 80 በመቶው ውሃ ነው። 5 ግራም ውስጥ 4 ሚሊ ሊትር ውሃ አለ ማለት ነው። 9 ሚሊ ሊትር አሴቶን አሁን 14 ሚሊ ሊትር ገደማ ውስጥ ገባ። 90 በመቶ የነበረው ወደ 64 ወረደ። ያ ቀለሙን በደንብ አያወጣም፣ ቀመሩም አይሠራበትም። ስሌቴ ላይም የፈሳሹን መጠን 10 ብዬ ነበር። ከታች ያለው ደለል ደረቅ ስለሆነ ስህተቱ በእያንዳንዱ ጥልቀት የተለያየ ነው። ስለዚህ የሠራሁት ሥዕል ወደ ታች የሚሄደውን የውሃ መጠን እንጂ የቀለሙን አያሳይም ነበር።

መፍትሔው ደለሉን አቀዝቅዞ በሚያደርቅ መሣሪያ፣ በፍሪዝ ድራየር፣ ማድረቅ ነው። በሙቀት ምድጃ አይሆንም፤ ቀለሙን ታቃጥሉታላችሁ። መሣሪያው ከሌለ እርጥቡን በ100 በመቶ አሴቶን አውጡና ከራሱ ከደለሉ የሚመጣውን ውሃ አስሉ። ያን ጊዜ ለውሃው መጠን ከዚያው ደለል ለብቻ መዝናችሁ አድርቁ። አንድ ጊዜ ማውጣት ግን አይበቃም። የመጨረሻው አሴቶን ቀለም አልባ እስኪሆን ደጋግሙ፤ ሁሉንም አንድ ላይ አድርጋችሁ ጠቅላላ መጠኑን ለኩ። ውጤቱም በደረቅ ግራም ይጻፍ። በ550 ዲግሪ አቃጥላችሁ የሚጠፋውን ክብደት ብታውቁ ደግሞ በኦርጋኒክ ነገር ግራም መግለጽ ትችላላችሁ። አሸዋ ሲበዛ የቀለም መቀነስ የሚመስለውን ነገር ያኛው ይገልጠዋል።

ስፔክትሮፎቶሜትር ደለል ላይ ወሰን እንዳለውም ልንገራችሁ። ክሎሮፊል ሲፈርስ የሚሰጠው ፊዮፊቲን ብቻ አይደለም። የሞለኪውሉን ረጅም ጅራት ያጣው ክሎሮፊላይድ በመሣሪያው ዓይን ክሎሮፊል ይመስላል። ጅራቱንም ማግኒዚየሙንም ያጣው ፊዮፎርባይድ ደግሞ ከፊዮፊቲን ጋር ይቆጠራል። እነሱን መለየት፣ ወይም የትኛው አልጌ እንደነበረ ማወቅ ከፈለጋችሁ ቀለሞቹን አንድ በአንድ የሚነጥል መሣሪያ፣ ኤች ፒ ኤል ሲ፣ ያስፈልጋል። አሎክሳንቲን የሚባለው ቀለም ክሪፕቶፋይት የሚባሉትን አልጌዎች ይናገራል፤ ደለል ውስጥም ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ፉኮክሳንቲን ዲያቶም የሚባለው ሌላ የአልጌ ዓይነት ቀለም ነው፤ ግን ቶሎ ይፈርሳል። ጥልቅ ደለል ውስጥ ፉኮክሳንቲን ስላጣችሁ ዲያቶም አልነበረም አትበሉ። ፋይኮሳያኒን የሚባለው ሰማያዊ ቀለም ደግሞ በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ አሴቶን አያወጣውም፤ ለእሱ ሌላ መንገድ ያስፈልጋል።

የደለሉ ዓምድ ሲከፈል ግማሹ ፍሪዘር ውስጥ በጥቁር ላስቲክ ተጠቅልሎ መቅረቱ አዳነኝ። ያንን ግማሽ አወጣሁ። በደበዘዘ መብራት በየሁለት ሴንቲ ሜትሩ ቆረጥኩት። አየርና ብርሃን የነካውን ጫፍ እያነሳሁ ጣልኩ። አደረቅኩ፣ ፈጨሁ፣ አወጣሁ። ሃያ ቲዩቦች በጥልቀታቸው ተራ ቆሙ። ከላይ ያለው እንደ ጎመን አረንጓዴ ነበር። ከመሃል ጀምሮ ወይራማ ሆነ። የመጨረሻው ቢጫ ቡናማ። ከዚያ ተራቸውን አዟዙሬ ለካኋቸው።

ምጥጥኑ ከላይ 1.5 ጀምሮ ወደ ታች ወደ 1.1 ወረደ። ደብተሩን ከማሳየቴ በፊት ጋሼ መጀመሪያ የሚጠይቁኝን አውቄዋለሁ። በመሃል መሃል ያስገባኋቸው ስታንዳርዶች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 1.7 ላይ ነበሩ።